ጭቃ ቤት በገዛ እጅ ማደስ፦ መጀመሪያ ውሃውን

ደብረ ብርሃን ያለው የእማዬ ቤት በዕድሜ ይበልጠኛል። የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ፤ እንደ ብዙው የሰፈሩ ቤት። አምና ለእንቁጣጣሽ ስሄድ ሶፋው ከግድግዳው ርቆ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። «ምነው?» ብላት «ግድግዳው እያራገፈብኝ ነው» አለችኝ። ጠጋ ብዬ በጣቴ ነካ ሳደርገው እንጀራ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እርጥብ ነበር። ማገሩ አግጥጦ ይታያል። ከማገሩ ጀርባ ደግሞ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። አይጥ።

እኔ አናጢም ግንበኛም አይደለሁም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ሂሳብ ስደምር የምውል ሰው ነኝ። ሰው ቀጥሮ ማሠራቱን ግን ከዚህ በፊት ሞክረነው አልሆነም። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ 130 ኪሎ ሜትር እየተመላለስኩ፣ ከእማዬና ጡረታ ከወጡ አናጢ ጎረቤታችን ጋር ሆነን ራሳችን ሠራነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፈጀ። ባላበላሽ ኖሮ በሁለት ወር ያልቅ ነበር። ያበላሸሁትንም አልደብቃችሁም።

ሲሚንቶው ምን አደረገን

ከአምስት ዓመት በፊት ያው ግድግዳ ሲሰነጠቅ አንድ ግንበኛ ጠርተን ነበር። «ጭቃ የድሮ ነው፤ በሲሚንቶ ልለስንላችሁ፣ ዕድሜ ልካችሁን ትገላገላላችሁ» አለን። ደስ አለን። ሲሚንቶ ሲባል ያው ዘመናዊ ይመስላል። አምሮም ነበር። ሁለት ክረምት ቆየ። በሦስተኛው እንደ ደረቀ ቂጣ እየተቀረፈ፣ የጥንቱን ጭቃ ጭምር ይዞ ወረደ።

ነገሩ የገባኝ አሁን ነው። ጭቃ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ትንሽ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ ግትር ነው፤ አብሮት አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱ ይላቀቃሉ። በስንጥቁ የገባ ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። ጭቃ ብቻውን ቢሆን ፀሐይና ነፋስ ያደርቁት ነበር፤ ሲሚንቶው ግን እንደ ክዳን አፍኖ ይይዘዋል። ከውጭ ስታዩት ደረቅና ጠንካራ የሚመስል ግድግዳ ውስጡ ገንፎ ይሆናል። ቋሚው በዚያ ገንፎ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል።

«የዶሮ ሽቦ ከተመታበት ይይዛል» የሚሉ አሉ። ልስኑን ይይዘዋል፤ ልክ ነው። እርጥበቱን ግን አያስወጣውም። የኔ አቋም አጭር ነው፦ ለጭቃ ግድግዳ ጭቃ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ጭቃ ከማቡካታችሁ በፊት ይህንን ጥያቄ መልሱ። ካልመለሳችሁት በየዓመቱ መለሰን ነው። የረጠበው ቦታ ራሱ ይናገራል። እርጥበቱ ከላይ መስመር እየሠራ ከወረደ ጣራ ነው። ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ከደረሰ ከመሬት ነው። በመስኮት ሥር ብቻ ከሆነ ዝናቡ በመስኮቱ ደፍ እየገባ ነው። እኛ ቤት ከላይም ከታችም ነበር።

በጣራው ጀመርኩ። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ነበር፤ ጆንያው ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ቀለም የተቀባ። ሳወርደው የስንት ዓመት አቧራና የአይጥ ቆሻሻ አብሮ ወረደ። አፍና አፍንጫችሁን ሳትሸፍኑ እንዳትነኩት። ከወረደ በኋላ እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮት ዘግቼ ወደ ላይ አየሁ። ቀዳዳው ሁሉ እንደ ኮከብ ያበራል። ቆጠርኩት፤ 31።

ችግሩ ከታች የምታዩትን ቀዳዳ ጣራው ላይ ስትወጡ አታገኙትም። መላውን የነገረችኝ እማዬ ናት። «ስንደዶ ሰካበትና ውጣ።» ለሰፌድ ካስቀመጠችው ስንደዶ አንድ እፍኝ ሰጠችኝ። በመሰላል እየወጣሁ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዳንድ ሰካሁ። ጣራው ላይ ስወጣ ስንደዶው እንደ ችግኝ ቆሞ ጠበቀኝ።

ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ ሚስማር የተመታበትን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ። ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። ጠዋት ማለዳ ደግሞ አትውጡ። የደብረ ብርሃን ቆርቆሮ በማለዳ ውርጭ ይይዛል፤ ያንሸራትታል። ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሻላል።

አብዛኛው ቀዳዳ የሚስማር ቀዳዳ ነበር። ውሃ የሚወርደው በቆርቆሮው ሸለቆ ነው። ስለዚህ ሚስማር የሚመታው ከጉብታው ላይ ነው። የጥንቱ ሠሪ ግማሹን ሸለቆው ላይ መትቶታል። እነዚያን ነቅዬ ቀዳዳውን ሬንጅ በተነከረ ጨርቅ ደፈንኩና አዲሱን ሚስማር ከነጎማው አጠገቡ ካለው ጉብታ ላይ መታሁ። ሦስት ቆርቆሮ ግን ዝጎ ስላለቀ ቀየርነው። ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይወፍራል ማለት ነው። ስትደርቡት በጎን ቢያንስ አንድ ጉብታ ተኩል፣ በቁመት ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይደረብ።

ከዚያ የመሬቱ ጉዳይ መጣ። ይሄ ለኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ግድግዳውን እንዲያዩልኝ ስጠራቸው ግድግዳውን ዞር ብለውም አላዩት። መሬት መሬት ያያሉ። «መሠረታችሁ የት ሄደ?» አሉኝ። «የምን መሠረት?» «ይሄ ቤት ሲሠራ የድንጋይ መሠረት ነበረው። እኔ አውቀዋለሁ።» ዶማ ይዤ ከግድግዳው ሥር ቆፈርኩ። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርጄ ድንጋዩን አገኘሁት።

ቤቱ ሰምጦ እንዳይመስላችሁ። ግቢው ነው ያደገው። በየቀኑ የሚደፋው አመድ፣ ከደጅ የተጠረገው አፈር፣ ለጎመኑ የመጣው ፍግ፤ በዓመታት ተደራርቦ ከመሠረቱ በላይ ወጥቷል። ጭቃው ግድግዳ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ክረምት ከበጋ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። የእናንተም ቤት የቆየ ከሆነ ነገ ጠዋት ይህንን እዩ። የመሠረቱ ድንጋይ ከመሬት በላይ ወጥቶ ካልታየ የግድግዳችሁ በሽታ እዚያ ነው።

በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለውን አፈር ጠረግነው። ወገቤ ለሁለት የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። አፈሩን መጥረግ ብቻ አይበቃም፤ መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ በአንድ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። በዓይን አትገምቱ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ሥር፣ ሌላውን ወደ ውጭ አድርጉ። በውጭው ጫፍ ሥር 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቁራጭ እንጨት አስቀምጡ። ከላይ ውሃ ልክ ስታደርጉበት አረፋው መሃል ከቆመ ልክ ነው። ጫፉ ላይ ቦይ ቆፍረን ድንጋይ ሞላንበት፤ ወደ መንገዱ ቦይ ወሰድነው። በኋላ አሸንዳም ገጠምን፤ ምክንያቱም የቆርቆሯችን ክፈፍ አጭር ነው፤ የሚንጠባጠበው ውሃ መሬት ነጥሮ ግድግዳውን ይመታል።

የበሰበሰ ቋሚ

አፈሩ ሲነሳ ቋሚዎቹን መፈተሽ ይቻላል። ካቻቢቴ ይዛችሁ እያንዳንዱን ቋሚ ከመሠረቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ ውጉት። ጫፉ ብቻ ከገባ ደህና ነው። ያለ ትግል ሁለት ሴንቲ ከገባ በስብሷል፤ ወይም ምስጥ ገብቶበታል። እኛ ጋ አራት ቋሚ ተገኘ።

ቋሚውን ሙሉ መቀየር አያስፈልግም። የበሰበሰው እግሩ ነው። ጋሼ ያሳዩኝ እንዲህ ነው፦ ከቋሚው አጠገብ፣ ጣራውን ከተሸከመው አግዳሚ ሥር ጠንካራ ድጋፍ ታቆማላችሁ። ከድጋፉ ሥር ጣውላ አንጥፋችሁ በሽብልቅ ታጠብቁታላችሁ። ከዚያ የቋሚውን እግር ጤነኛው እንጨት እስኪመጣ ድረስ ቆርጣችሁ ትጥላላችሁ። በቦታው ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ታስቀምጡና የደረቀ አዲስ እንጨት ከጎን 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ተደርቦ በሁለት ብሎን ይታሰራል። እንጨቱ ድንጋይ ላይ ይቁም እንጂ አፈር አይንካ። አንድ ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት። ሁለት በአንዴ ብሎ ነገር የለም።

የማዕዘን ቋሚ ከሆነ፣ ወይም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሦስት ቋሚዎች ከበሰበሱ፣ ወይም ጣራው ጎብጦ ከታየ ግን አናጢ ጥሩ። እዚያ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ማዘጋጃ ቤትም ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዕድሳት ፈቃድ ሳይያዝ ተጀምሮ መሃል ላይ የቆመ ሥራ አይቻለሁ።

ጭቃው ሊጥ ነው

አሁን ወደ ዋናው መጣን። እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቄ ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ የወደቅኩት በአፈር ምርጫ ነው። ከግቢው የጠረግነው አፈር ክምር ሆኖ ተቀምጧል። ነፃ ነው። ለምን ሌላ አመጣለሁ? አልኩ። አቡክቼ አንዱን ጎን መረግኩት። በሳምንቱ ስመጣ በጋ የመታው ኩሬ መስሏል፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። አፈሩ ጥቁር ነበር፤ መረሬ። መረሬ ሲረጥብ በጣም ያብጣል፤ ሲደርቅ በጣም ይሰበሰባል። በዚያ ላይ አመድና ሥራ ሥር አለበት። የሚያስፈልገው ቀይ አፈር ነው፤ ያውም ላዩ ተገፎ፣ ከግማሽ ሜትር በታች የተቆፈረ።

አፈር ስታመጡ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ እርጥብ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ እንደ እርሳስ ጠቅልሉት። አምስት ሴንቲ ሳይሞላ ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል። እንደ ገመድ እየረዘመ ከሄደና ጣታችሁን አልለቅ ካለ ሸክላው በዝቷል፤ አሸዋ ይጨመርበት። ሁለተኛውና የሚበልጠው ግን ግድግዳው ላይ መሞከር ነው። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት ካሬዎች ለስኑ። አንዱ ያለ አሸዋ፣ አንዱ አራት እጅ አፈር በአንድ እጅ አሸዋ፣ አንዱ ሦስት በአንድ፣ አንዱ ሁለት በአንድ። የጭዱ መጠን ለሁሉም እኩል ይሁን። ከጎናቸው በከሰል ጻፉ፤ ትረሱታላችሁ። አምስት ቀን ጠብቁ። ያልተሰነጠቀው፣ በእጅ ሲታሽም ያልረገፈው አሸናፊ ነው። የኛ ሦስት በአንዱ ሆነ። የእናንተ አፈር የራሱን ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ውድቀቴ ችኮላ ነው። ቅዳሜ አቡክቼ እሁድ ለመረግ ፈለግኩ። እማዬ አየችኝና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሊጥ ነው። ሳይቦካ ይጋገራል?» አለች። አልሰማኋትም። እሁድ ከሰዓት የለጠፍኩት ሁሉ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተኛ። እሷ በሩ ላይ ቆማ ቡናዋን ትጠጣለች። ምንም አላለችም። ባትናገርም ገብቶኛል።

አቦካኩ እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት፣ ጉልበት የማይደርስ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። አፈሩን በወንፊት ንፉት፤ ጠርሙስና ሚስማር አይጠፋውምና በባዶ እግር አትርገጡ፤ ቦቲ አድርጉ። አፈሩ አንድ ሌሊት ውሃ ጠጥቶ ይደር። በማግስቱ ጭዱን እየበተናችሁ ርገጡት። የጭዱ መጠን በስፍር ወደ ሦስት ባልዲ አፈር አንድ ባልዲ ያህል ነው፤ ከዚያ ስንጥቁን እያያችሁ ታስተካክላላችሁ። ላዩን በላስቲክ ሸፍኑት። በየሦስት ቀኑ ውሃ ጨምራችሁ እንደገና ይረገጥ። እኔ አዲስ አበባ ስሆን የሚረግጡት የአክስቴ ልጆች ነበሩ። ኳስ ጨዋታ ያደረጉት መሰለኝ። ደስ ብሏቸዋል።

ሁለት ሳምንት ይበቃል ይባላል። ደብረ ብርሃን ብርዱ ስለሚያዘገየው ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መቡካቱን በሦስት ነገር ታውቁታላችሁ። ጭዱ ለስልሶ በጣት ሲጎተት ይበጠሳል። በአካፋ ሲነሳ እንደ ገንፎ ተያይዞ ይነሳል። ሽታው ደግሞ በረት በረት ይላል። ስለ ሽታው አትጨነቁ፤ ሲደርቅ ይጠፋል።

ጭዱንም ለይታችሁ ያዙ። እኛ አካባቢ በየቤቱ የሚገኘው የገብስና የስንዴ ጭድ ነው። ሻካራ ስለሆነ ለመጀመሪያው ምርጊት ጥሩ ነው፤ ጭቃውን እንደ ጅማት ይይዘዋል። ለላይኛው ልስን ግን የጤፍ ጭድ የሚያህል የለም፤ ደቃቅ ነው። ከምንጃር በኩል የመጣ ገበያ ላይ አግኝተን ሁለት ጆንያ ገዛን።

ምን ያህል ጭቃ? ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህቺን አልተውም። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ዙሪያው 18 ሜትር። ቁመቱ 2.6 ሜትር። 46.8 ካሬ ይመጣል። በርና መስኮቱ ሲቀነስ ወደ 43 ካሬ። በአማካይ ሁለት ሴንቲ ውፍረት ከተለሰነ 0.86 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 860 ሊትር ጭቃ ነው። በባለ 20 ሊትር ባልዲ 43 ባልዲ። ለተቦረቦረው ቦታ መሙያ ጨምራችሁ 60 ባልዲ አዘጋጁ። ይሄ ለአንድ ክፍል የውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው።

መምረግና መለሰን

ግድግዳውን በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ እያደረጋችሁ ዙሩ። ደንደን ያለ ድምፅ ከሰጠ ተዉት። እንደ ባዶ እንስራ ከጮኸ ልስኑ ተላቋልና አውርዱት። የወረደውን የድሮ ጭቃ አትጣሉት፤ ተሰባብሮ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ እንደ እርሾ ነው። ሲሚንቶ የነካው ግን አይገባም። የላላ ማገር ካለ አሁን በሚስማር ምቱት፤ ከተለሰነ በኋላ ጊዜው ያልፋል።

አቧራውን ጥረጉ። ግድግዳውን በመጥረጊያ ውሃ እየረጫችሁ አርጥቡት። ይህ ከቀረ ደረቁ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ይወስደዋል፤ ጭቃውም ሳይይዝ ይቀራል። መጀመሪያ የሚሞላው ቀዳዳው ነው። ጭቃውን በእጃችሁ አድቦልቡላችሁ በኃይል ምቱት፤ በማገሩ መሃል ገብቶ ወዲያ ማዶ እንዲያጎነቁል። ቀስ ብሎ መለጠፍ አይሠራም። ላዩን አታለስልሱት፤ በሚስማር ጫሩት፤ ቀጣዩ የሚይዘው ያንን ነው። እስኪደርቅ ተዉት። ቢሰነጠቅ አትደንግጡ፤ ስንጥቁን የሚውጠው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በቀጥ ያለ ጣውላ እየተጎተተ ይስተካከላል።

ሦስተኛው የእማዬ ነው። እኛ አገር ልስን የሴት እጅ ነው ይባል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው። የተነፋ ቀይ አፈር፣ ጥቂት ደቃቅ አሸዋ፣ የጤፍ ጭድ፣ ትኩስ እበት። እበቱ አስጠልቷችሁ እንዳትተዉት፤ ልስኑን ያያይዘዋል፣ ውሃም ቶሎ እንዳያጥበው ያደርጋል። አራት ቀን አስቀመጠችው። ከዚያ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ አንድ እፍኝ አንስታ ከታች ወደ ላይ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቀስተ ደመና በመዳፏ አዞረችው። እንጀራ ስታሰፋ የምታዞረው ዓይነት ነው። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። አንዱ ቀስት በሌላው ላይ እየተደረበ ሄደ። ትንሽ ጠጠር ሲል በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ፣ ውሃ እየነከረች አሸችው። ያበራ ነበር። እኔ ድንጋይ የለመደ እጅ ስለሌለኝ የቀለም ባልዲ ክዳን ቆርጬ እሱን ተጠቀምኩ። ይሠራል፤ እንደ እሷ አያበራም እንጂ።

ውርጩን ረስቼ

የውስጡ ሲያልቅ ኅዳር ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። «አሁን የውጩን እንጨርሰው» አልኩ። ጋሼ ተዉ አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ የሰሜኑን ግድግዳ ለሰንኩ። እሁድ ጠዋት ስወጣ ግድግዳው ነጭ ሆኗል። ውርጭ! ጭቃው ውስጥ የነበረው ውሃ በረዶ ሆኖ ልስኑን ከውስጥ ገፍቶታል። ፀሐይ ሲነካው እንደ ዱቄት ረገፈ። የአንድ ቀን ድካም ውሃ በላው።

ስለዚህ እንደኛ ደጋ ከሆናችሁ የውጩን ግድግዳ ወይ መስቀል እንዳለፈ፣ ውርጭ ሳይጀምር፣ ወይ የካቲት ላይ ውርጩ ሲያልፍ ሥሩት። የበልግ ዝናብ ካላችሁ ከመጋቢት በፊት ይለቅ። የዕለቱን ሥራ በጠዋት ጀምራችሁ ስድስት ሰዓት ላይ አቁሙ፤ እስኪመሽ ላዩ ይጠጥር። ማታ በማዳበሪያ ወይም በሸራ ጋርዱት። ቆላ ከሆናችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠንካራ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ ይሰነጥቀዋልና ጥላ ሥሩለት።

አንድ ነገር ልጨምር። የውስጡ ልስን አልደርቅ ሲለኝ ከሰል አቀጣጥዬ ክፍሉን ዘግቼ ላደርቀው አስቤ ነበር። እማዬ ማንደጃውን ከእጄ ቀማችኝ። የታፈነ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ እሱ ክፍል ውስጥ ባትተኙም ወደ ሌላው ይገባል። መስኮት ክፈቱና ነፋስ ያድርቀው።

ቀለም፣ ወለል፣ ኮርኒስ

ዘይት ቀለም ጭቃ ላይ አትቀቡ። እንደ ሲሚንቶው ያፍነዋል፤ ይላጣል። ኖራ ነው የሚስማማው። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቁበትና ይደር፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ካለ ገና ነው። ኖራውን በውሃ በጥብጡ፤ እንደ ወተት ይቅጠን። በባልዲ አንድ እፍኝ ጨው ጣል አድርጉበት። ግድግዳውን እርጥብ አድርጋችሁ በሰፊ ብሩሽ ሦስት ጊዜ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይቀባ። መጀመሪያ ሲቀባ የሚያሳይ ይመስላል፤ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ኖራ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወለሉን ሊሾ አደረግነው። ድንጋይ አንጥፈን፣ ጠቅጥቀን፣ ኮንክሪት ከላዩ፣ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ። ሊሾ የሚበላሸው በውሃ እጦት ነው፤ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡት። ሲሚንቶው ከግድግዳው ሥር ሲደርስ ጭቃው ላይ እንዳይወጣ ድንጋዩ ላይ ይቁም።

ለኮርኒስ ቺፑድ ገዛን። ጋሼ መሩት፣ እኔ ያዝኩላቸው። ማገዶው ሳይጨመር ቤቱ ሞቀ፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ትልቅ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ግን ኤሌክትሪሻን ጠርቼ አሠራሁ። ግድግዳ ውስጥ የነበረውን አይጥ ልጦታል፤ በዚያ ላይ እርጥብ ጭቃ ነው። ምርጊት ከመጀመራችሁ በፊት ከቆጣሪው አጥፉት፤ ሽቦውም በቱቦ ውስጥ ይግባ።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዤ ቤቱን ዞርኩ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፤ ውሃው የት እንደሚቆም በበጋ አይታይም። በስተጀርባ አንድ ቦታ ከአሸንዳው አፍ የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን ይረጫል። ቱቦ ጨመርኩለት። እዚያው ሰሃን የሚያህል ልስን ታጥቦ ነበር፤ ዝናቡ ሲያበቃ መስከረም ላይ በአንድ ባልዲ ጭቃ ተጠገነ። ለዚህ ስትሉ የተረፈውን የቦካ ጭቃ አትድፉት። ቢደርቅም ግድ የለም፤ ሰባብራችሁ በጆንያ አስቀምጡት፣ ውሃ ሲነካው ይመለሳል። እኔ ሁለት ጆንያ አስቀምጬ ነበር። አንዱን እማዬ ለምድጃዋ ወስዳዋለች።